ሳንለይ አንጥረግ

ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በእኛ በኮምፒውተር ተማሪዎች መካከል አንድ የተለመደ ጥድፊያ ይነሣል። የላፕቶፑ ዲስክ ሞልቷል፤ ቀዩ መስመር ታይቷል፤ የመመረቂያው ሥራ «ቦታ የለም» እየተባለ አልቀመጥ ብሏል። ያን ጊዜ አንዱ ከወዲያ ሆኖ «ቢልድ የሚሉትን ፎልደሮች ሁሉ ደምስሳቸው፤ ተመልሰው ይሠራሉ» ይላል። ምክሩ የሚሰጠው በቅን ልቡና ነው፤ ተቀባዩም ሳያመነታ ይፈጽመዋል። በአንድ ሌሊት ብዙ ጊጋባይት ይለቀቃል፤ ደስታም ይሆናል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንናገር የተነሣነው ስለዚያ ደስታ ማግሥት ነው።

ከመካከላችን አንዱ እንደዚሁ አደረገ። ላፕቶፑን አጽድቶ፣ ሻንጣውን ይዞ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ ከደጀን ወደ ቀኝ ታጥፎ፣ ቢቸናን አልፎ ሞጣ ገባ። ክረምቱን ሥራውን ሊጨርስ አስቦ ነበር። ኮዱ አለ፤ አንዲት መስመር አልጠፋችም። ነገር ግን ኮዱን የሚሠራ ፕሮግራም የሚያደርጉት ላይብረሪዎች በጠረገው ፎልደር ውስጥ ነበሩ። እነርሱን እንደገና ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ኢንተርኔቱ ደግሞ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ በመጣበትም ቀን የተገዛው ዳታ ማውረዱ ከግማሽ ሳይደርስ ያልቃል። እንዲህ ሲሆን ክረምቱ አለፈ። ወደ ግቢ በተመለሰ ጊዜ ሁሉም ነገር በአንድ ሰዓት ውስጥ ተስተካከለ፤ የጠፋው ሁለት ወር ግን አልተመለሰም።

ይህ ወንድማችን ምን አጠፋ? የጻፈውን አልሰረዘም፤ ቸልተኛም አልነበረም፤ የተመከረውን በትክክል ፈጸመ። እንግዲያስ ጥፋቱ ከምክሩ ነው ማለት ነው። «ተመልሶ ይሠራል» የሚለው ቃል ሙሉ አይደለምና። የት ሆኖ ነው ተመልሶ የሚሠራው? በምን መሣሪያ? በስንት ቀን? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ሳይመለሱ አንድን ፎልደር «ትርፍ ነው» ማለት አይቻልም። አንድ ነገር በደኅና የሚሰረዘው በመርሕ ደረጃ ተመልሶ ሊሠራ ስለሚችል ሳይሆን፣ ባለቤቱ ባለበት ቦታ ተመልሶ ሊሠራ ሲችል ብቻ ነው። ሐሳባችን በአጭሩ ይህ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት በአንድ የሥራ ፎልደር ውስጥ ያለውን ነገር በሦስት ብንከፍለው ይበጃል። የመጀመሪያው እኛ የጻፍነው ኮድ ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሜጋባይት ቢሆን ነው። ሁለተኛው ኮምፓይለሩ ከኮዳችን የሠራው ውጤት ነው፤ በጃቫ ሥራ «ታርጌት» ወይም «ቢልድ»፣ በሲ ሻርፕ «ቢን» እና «ኦብጅ» እየተባለ የሚቀመጠው ነው። ሦስተኛው ሌሎች ሰዎች ጽፈውት እኛ ከሩቅ ያመጣነው ላይብረሪ ነው፤ በጃቫ ስክሪፕት «ኖድ ሞጁልስ» የተባለው ፎልደር፣ በግሬድልና በሜቨን ደግሞ ከሥራው ፎልደር ውጭ በተጠቃሚው ቤት ውስጥ የሚከማቸው ማከማቻ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተደምረው የመጀመሪያውን መቶ እጥፍ ሊያክሉ ይችላሉ። ዲስኩን የሚሞሉትም እነዚሁ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1976 ስቱዋርት ፌልድማን በቤል ላቦራቶሪዎች «ሜክ» የተባለውን ፕሮግራም ከሠራ ወዲህ፣ ምንጩና የአሠራሩ መመሪያ ካለ ውጤቱ ሁልጊዜ ሊሠራ ይችላል የሚለው ደንብ በሙያው ውስጥ ሥር ሰድዷል። «ክሊን» የሚባለው የጽዳት ትእዛዝም የተለመደው በዚሁ መንፈስ ነው። ደንቡ ትክክል ነው። የሚሠራው ግን ለሁለተኛው ክፍል ነው። ኮምፓይለሩ በእጃችን ካለ፣ ኮዱም ካለ፣ ላይብረሪውም ካለ፣ ውጤቱን መብራት በሌለበት እንኳ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ መልሰን ልንሠራው እንችላለን። ሦስተኛው ክፍል ግን በእኛ እጅ የተሠራ አይደለም። እርሱን የሚመልሰው መንገዱ ነው። መንገዱ ሲዘጋ እርሱም ይዘጋል።

የሞጣ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም። ሞጣንና በጌምድርን በዓባይ ላይ የሚያገናኘውን ሰባራ ድልድይን ያውቀዋል። በጎንደር ነገሥታት ዘመን የተሠራው ያ የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተቆርጦ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሰው በገመድ እየተጎተተ ይሻገርበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ቢጠገንም በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ ተንጠልጣዩ ድልድይ የተሠራው በ2009 ነው። በነዚያ ዓመታት ሁሉ ከወዲያ ማዶ ገበያው ነበረ፤ ዕቃውም ነበረ። ከወዲህ ላለው ሰው ግን «ማዶ አለልህ» ማለት ምን ይጠቅመው ነበር? ማዶ ያለ ነገር ያለን የሚሆነው ድልድዩ እስካለ ድረስ ነው።

የኛም ዘመን ድልድይ እንደዚሁ ሲሰበር አይተናል። በ2009 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ተዘጋ። በ2012 ዓ.ም. ከሰኔ ማብቂያ ጀምሮ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፍቶ ቆየ። በዚያ ጊዜ ቢቸና ወይም ሞጣ የነበረ ተማሪ ዲስኩ ላይ ያለው ብቻ ነበር ያለው። የጽዳት ምክር የሚጽፉልን የውጭ አገር ሰዎች ይህን አላሰቡም፤ ሊያስቡም አይገደዱም፤ በሚኖሩበት አገር ኢንተርኔት እንደ ቧንቧ ውኃ ነውና። የእነርሱን ምክር ቃል በቃል ተቀብለን ለቢቸና ተማሪ የምንሰጠው እኛ ግን ማሰብ ነበረብን።

መንገዱ ክፍት ቢሆንም እንኳ ማዶ ያለው ዕቃ ሁልጊዜ በቦታው አይገኝም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 አንድ የውጭ አገር ፕሮግራም ጸሐፊ «ሌፍት ፓድ» የተባለችውን ዐሥራ አንድ መስመር ያላትን ላይብረሪ ከሕዝብ ማከማቻ ስላወጣት በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ሥራዎች አልሠራ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ብዙ የአንድሮይድ ላይብረሪ ያስቀምጥ የነበረው «ቢንትሬይ» አገልግሎቱን ዘጋ። ላይብረሪውን በቀጥታ ከቢንትሬይ አድራሻ ያወርድ የነበረ የአንድሮይድ ሥራ የነበረው ሰው ኮዱን ቢይዝም የማውረጃ አድራሻውን ሳይለውጥ ሥራውን እንደ ድሮው ሊያስነሣው አይችልም። ስለዚህ አንድ ፎልደር ባረጀ ቁጥር ለመሰረዝ የሚቀል ይመስለናል እንጂ፣ ባረጀ ቁጥር መልሶ መሥራቱ የሚከብድ መሆኑን አንዘንጋ።

ከዚህም በቀር በጥራጊው መካከል ጥራጊ ያልሆነ ነገር ተደብቆ ይገኛል። ጊት «አትመልከታቸው» ተብሎ የታዘዘባቸው ፋይሎች ሁሉ ትርፍ አይደሉም። የይለፍ ቃል ያለበት የማስተካከያ ፋይል በዚያ ዝርዝር ውስጥ ነው። ለሙከራ የሰበሰብነው ትንሽ ዳታቤዝ በዚያ ውስጥ ነው። የአንድሮይድ ፕሮግራማችን የሚፈረምበት ቁልፍ ብዙ ጊዜ በዚያ ውስጥ ነው፤ እርሱ ከጠፋና ሌላ ቅጂ ከሌለው ፕሮግራሙን በቀድሞው ፊርማ ማሻሻል አይቻልም። ማሽን የማስተማር ሥራ ያለው ተማሪ ደግሞ አምስት ቀንና ሌሊት ኮምፒውተሩን አስጩኾ ያገኘውን ሞዴል «አውትፑት» በሚባል ፎልደር አስቀምጦ ይገኛል። እርግጥ ነው፤ በስሙ ብንሄድ እርሱም የተሠራ ነገር ነው፤ መልሶም ሊሠራ ይችላል። ግን የአምስት ቀን መብራት ማን ይሰጠዋል?

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ይህ የጀማሪ ብቻ ጣጣ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 የጊትላብ ኩባንያ አንድ ባለሙያ ሌሊት ሲደክም ቆይቶ ሊያጸዳ የፈለገው በአንደኛው ማሽን ላይ ያለውን የዳታቤዝ ፎልደር ሲሆን ትእዛዙን የሰጠው በዋናው ማሽን ላይ ነበር። ስሕተቱን ዐውቆ ሲያቆመው ከ300 ጊጋባይት ያህል የቀረው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር። መጠባበቂያ ተብለው የተዘጋጁት ዘዴዎች ሲፈተሹ አንዱም እንደታሰበው አልሠራም፤ ኩባንያውን ያተረፈው ከስድስት ሰዓት በፊት በአጋጣሚ የተወሰደ ቅጂ ነው። ኩባንያው ግን ጥፋቱን አልደበቀም፤ የሆነውን ሁሉ ለሕዝብ ጻፈ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ባለሙያም ይሳሳታል፤ ያልተሞከረ መጠባበቂያም መጠባበቂያ አይባልም።

ታዲያ ምንም አንሰርዝ ማለታችን ነውን? አይደለም። ሁሉን ማከማቸትም የራሱ ጥፋት አለው። 256 ጊጋባይት ተብሎ የተገዛው ዲስክ በኮምፒውተሩ ቆጠራ 238 ገደማ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ከዚያ ላይ የኮምፒውተሩ ሲስተም፣ የአንድሮይድ መሥሪያውና ስልክ መስሎ የሚሠራው ፕሮግራም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ዲስኩ ፈጽሞ ሲሞላ የምንጽፈው ፋይል በግማሽ ይቀራል፤ ዳታቤዙም መጻፍ ያቆማል። «ትልቅ ዲስክ ይገዛ» የሚሉ አሉ፤ ኪሱ ለፈቀደለት መልካም ነው። «ኢንተርኔት ላይ ይቀመጥ» የሚሉም አሉ፤ እነርሱ ግን ያው ወደ ተሰበረው ድልድይ ይመልሱናል። የቢቸና ገበሬ ጎተራው ሲጠብበት ምን ያደርጋል? ገለባውን ያወጣል፤ የሚበላውን ይበላል፤ የሚሸጠውን ይሸጣል፤ የዘሩን ጤፍ ግን ለብቻ ያስቀምጣል። ጎተራ ጠበበኝ ብሎ ዘሩን ከገለባው ጋር የሚደፋ ገበሬ አላየንም። ከእኛ የሚፈለገውም ይኸው የመለየት ዐመል ነው።

ስለዚህ እኛ የሞከርነውንና የጠቀመንን ሥርዓት እናቀርባለን። ከባድ አይደለም፤ ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

በመጀመሪያ የጻፍነው ሁሉ በጊት መመዝገቡንና ከላፕቶፓችን ውጭ ሌላ ቦታ መድረሱን እናረጋግጥ። ኮሚት ተደርጎ ያልተላከ ሥራ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ያለ ሥራ ነው። የላይብረሪዎቹን ትክክለኛ ቁጥር የሚይዘው ሎክ ፋይልም አብሮ ይመዝገብ። እርሱ ከሌለ ነገ የሚወርደው ላይብረሪ ዛሬ የሠራንበት ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ከመሰረዝ በፊት የሚሰረዘውን ዝርዝር እንመልከት። «ጊት ክሊን» የተባለው ትእዛዝ «ኤን»፣ «ዲ» እና «ኤክስ» የሚባሉት ፊደሎች ሲጨመሩበት ምንም ሳይነካ ሊያጠፋ የሚችለውን ብቻ፣ «አትመልከታቸው» የተባሉትን ፋይሎች ጨምሮ፣ ቆጥሮ ያሳያል። ዝርዝሩን በዐይናችን እናንብበው። ከላይ የጠቀስናቸው ቁልፍ፣ ዳታቤዝና ሞዴል በዚያ ውስጥ ከተገኙ አውጥተን ለብቻ እናስቀምጣቸው። በተቻለ መጠን ደግሞ ፎልደሩን በእጅ ከመሰረዝ ይልቅ መሣሪያው ራሱ ያዘጋጀውን የጽዳት ትእዛዝ እንጠቀም፤ ፍላተርም፣ ግሬድልም፣ ሜቨንም፣ የረስቱ ካርጎም «ክሊን» የሚል ትእዛዝ አላቸው፤ የራሳቸውን ውጤት ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ሦስተኛ፣ ሁለቱን ክምር አንቀላቅል። ኮምፓይለሩ የሠራውን ውጤት እንጥረግ፤ ከሩቅ የመጣውን የላይብረሪ ማከማቻ ግን ወደ አገር ቤት የምንሄድ ከሆነ እናቆየው። አንድ ሰው ዐሥር የጃቫ ስክሪፕት ሥራ ካለው አንድ ዓይነት ላይብረሪ ዐሥር ጊዜ ተደጋግሞ ሊቀመጥ ይችላል። «ፒኤንፒኤም» የተባለው መሣሪያ አንዱን ቅጂ ለሁሉም ያካፍላል። ይህ ከመሰረዝ የተሻለ ቁጠባ ነው።

አራተኛውና ዋናው ፈተናው ነው። ፎልደሩን ወዲያው አንሰርዘው፤ ስሙን ለውጠን እናቆየው። ከዚያ የግቢውን ዋይፋይ እናጥፋ። ልክ ሞጣ እንዳለን ሆነን ሥራውን ከመጀመሪያው ቢልድ እናድርገው። ግሬድልና ሜቨን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠሩ የሚታዘዙበት መንገድ አላቸው፤ በዚያ እንጠቀም። ከተሠራ የድሮው ፎልደር በእውነት ትርፍ ነው፤ ይሰረዝ። ካልተሠራ ገና ግቢ ውስጥ ሳለን የጎደለውን ዐውቀናል፤ ዋይፋዩን መልሰን ከፍተን እናሟላዋለን። ይህ ፈተና የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ለዚያ ወንድማችን ግን ሁለት ወር ያድንለት ነበር።

እስካሁን የተናገርነው እያንዳንዳችን በየግላችን ልናደርገው ስለምንችለው ነው። ነገር ግን ሸክሙን ሁሉ በተማሪው ጫንቃ ላይ ብቻ መጣል ፍትሕ አይደለም። ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

ክቡራን መምህሮቻችንን የምንጠይቀው ሥራችንን ሲቀበሉ ሙሉውን ፎልደር በፍላሽ ከነጓዙ እንድናመጣ ማዘዛቸውን ትተው፣ ኮዱንና ሎክ ፋይሉን ብቻ ተቀብለው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሠራ እንደሆነ እንዲፈትኑት ነው። «በእኔ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል» የሚለው መልስ ያን ጊዜ ዋጋ ያጣል፤ ተማሪውም ዘሩን ከገለባው መለየት የሚማረው በምክር ሳይሆን በውጤቱ ይሆናል። በትምህርት ዝርዝራችን ውስጥ ኮድ መጻፍ አለ፤ የተጻፈውን መጠበቅ ግን ስንት ሰዓት ተሰጥቶታል?

የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ኃላፊዎችን የምንጠይቀው የጋራ ማሽኖች ከመጠረጋቸው ሁለት ሳምንት በፊት ማስታወቂያ በር ላይ እንዲለጠፍ ነው። ጠዋት ገብቶ የሴሚስተሩን ሥራ ያጣ ተማሪ እናውቃለን። ማሽኑ መጠረግ እንደሚገባው አንክድም፤ ድንገት መሆኑን ግን እንቃወማለን። ከዚህም ሌላ በትምህርቱ የምንጠቀምባቸውን ላይብረሪዎች አንድ ጊዜ አውርዶ በግቢው ውስጥ ለሁሉም የሚያካፍል አንድ ማሽን ይቁም። ለጃቫ ስክሪፕት «ቨርዳቺዮ»፣ ለጃቫ «ኔክሰስ» የተባሉ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጁ ፕሮግራሞች አሉ። አንድ መቶ ተማሪ አንዱን ላይብረሪ መቶ ጊዜ ከባሕር ማዶ ከሚያወርደው አንድ ጊዜ ወርዶ ቢካፈለው ለተማሪውም ለዩኒቨርሲቲውም ይቀላል።

በመጨረሻ ራሳችንን፣ ማለት የተማሪዎች ኅብረታችንን፣ እንጠይቃለን። ለእረፍት ስንሄድ የአንድ አካባቢ ልጆች በአንድ አውቶቡስ መጓዛችን የተለመደ ነው። በአንድ አውቶቡስ የሚሄዱ የቢቸናና የሞጣ ተማሪዎች የጋራ አንድ ውጫዊ ዲስክ ቢይዙ፣ በውስጡም የላይብረሪ ማከማቻው፣ የመሣሪያዎቹ መጫኛ ፋይልና መማሪያ ጽሑፉ ቢኖር፣ አንዱ ሲጨርስ ለአንዱ እያስተላለፈ ክረምቱን ሊሠራበት ይችላል። ቢቸና ያለው ለሞጣው በሚመላለስ ሰው መላክ አያቅተውም። አባቶቻችን በሬ እየተበዳደሩ ያርሱ የለምን? ኅብረቱ ዲስኩን ገዝቶ፣ ከእረፍቱ በፊት ሞልቶና ከቫይረስ አጽድቶ ቢያስረክብ ይህ ከብዙ ስብሰባ የሚበልጥ ሥራ ነው።

አንዳንድ ሰው «የፎልደር ነገር ይህን ያህል ጽሑፍ ይገባዋልን?» ሊል ይችላል። እኛ ግን ነገሩ ከፎልደር ያልፋል እንላለን። ከሌላ አገር የመጣን መሣሪያ ስንቀበል መሣሪያው የተሠራበትን አገር ሁኔታ አብረን የተቀበልን ይመስለናል። መብራቱ ሁልጊዜ ያለ፣ መንገዱ ሁልጊዜ የተከፈተ፣ ማከማቻው ሁልጊዜ በቦታው ያለ ይመስለናል። መሣሪያውን ልንተወው አንችልም፤ ልንተወውም አይገባም። በእኛ አገር፣ በእኛ መብራትና በእኛ መንገድ እንዴት እንደሚያገለግል ማወቅ ግን የእኛ የተማሪዎቹ ሥራ ነው። ይህን የሚያደርግልን ሌላ ሰው አይመጣም።

የዘንድሮው እረፍት እየቀረበ ነው። ዲስካችን ሞልቷል፤ መጥረጋችንም አይቀርም። እንጥረግ። ነገር ግን መጀመሪያ ዋይፋዩን አጥፍተን እንፈትን፤ ከዚያ በኋላ መጥረጊያውን እናንሣ።